ከ«አንቺ» ወደ «እርስዎ»

ባለፈው ወር ለአዳዲስ አሳዳጊዎች ሥልጠና ስሰጥ ሰነበትኩ። በመጨረሻው ቀን ወረቀቶቼን ስሰበስብ አንዲት ወጣት ጠጋ አለችኝ። ሠልጣኝ አይደለችም፤ እናቷን አጅባ የመጣች ናት። እናትየዋ በአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ አሥር ልጆች የምታሳድግ የቤት እናት ነች። ይቺ ልጅ ደግሞ የራሷ ልጅ ናት፤ እዚያው ቤት አድጋለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እናቴን ስለሚጋሩኝ ቢከፋኝ ኃጢአት ነው? እነሱ ምንም የላቸውም። እኔ እሷ አለችኝ።»

እኔም የቤት እናት ልጅ ነኝ። በማኅበራዊ ሥራ ባለሙያነት ከ30 ዓመት በላይ ከማሳደጊያዎች ጋር ሠርቻለሁ። ይህን ጥያቄ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። «ኃጢአት አይደለም፣ ሰው ነሽ» ዓይነት ነገር ብያት ወጣሁ። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለእሷም፣ እንደ እሷ ላላችሁ ልጆችም ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

እኛ ቤት 13 ልጆች ነበርን። የ12ቱ ስም በማሳደጊያው መዝገብ ላይ አለ። የኔ የለም። በር ላይ የሚደረደረው ጫማ ግን 13 ጥንድ ነው። እናቴ ወገቧ ላይ የቁልፍ ዘለላ ታስራለች። ሌሊት ስትዞር ማን ብርድ ልብሱን እንደጣለ፣ ማን እንደሚያተኩሰው ታያለች። መምጣቷን የምናውቀው በቁልፉ ድምፅ ነበር። አባቴ የተሰበረ አልጋ ሲጠግን፣ የቤት ሥራ ሲያሳይ ይውላል። እሱን መጋራት ለምን እንዳልከበደኝ እስካሁን አላውቅም። እሷን ግን ከበደኝ።

ቅዳሜ ማታ ፀጉራችን የሚበጠርበት ሰዓት ነው። ሰባት ሴቶች ነበርን። እናቴ ዱካ ላይ ትቀመጣለች፤ ተራዋ የደረሰ ልጅ ከጉልበቶቿ መሃል ትገባለች። እኔ ሁልጊዜ መጨረሻ ነኝ። «አንቺ የትም አትሄጂብኝም» ትለኛለች። ነገሩ እውነት ነው፣ የትም አልሄድም። ግን የኔ ተራ ሲደርስ እጇ ዝሏል። በቀኝ በኩል ትጎነጉንና ማበጠሪያው ጭኔ ላይ ይወድቃል። ዞር ስል እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወስዷታል። ማበጠሪያውን አንስቼ ግራውን ራሴ እሞክራለሁ። እሁድ ጠዋት ላይ ግማሽ ራሴ የእናቴ እጅ፣ ግማሹ የኔ እጅ ሆኖ ያድራል።

11 ዓመቴ ላይ አንዲት የ9 ዓመት ልጅ መጣች። አልጋዋ ከኔ አልጋ ቀጥሎ ነበር። ለሳምንታት አንድ ቃል አልተናገረችም። እናቴ ማታ ማታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጇን ትይዝላታለች። ፊቷ ወደ ልጅቷ፣ ጀርባዋ ወደኔ ነው። የሹራቧን ቀዳዳዎች እየቆጠርኩ ስንት ምሽት እንቅልፍ እንደወሰደኝ አላስታውስም።

አንድ ጠዋት ልጅቷ «እማዬ» አለቻት። እናቴ የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ከዚያ በኋላ «እማዬ ነይ»፣ «እማዬ እይልኝ»፣ «እማዬ የት ሄድሽ» ሆነ። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ተራ ሳትይዝ መጥታ ጉልበቷ መሃል ገባች። እናቴም «ዛሬ እሷ ትቅደም» አለች። ማንም አልተቃወመም። እኔም አልተቃወምኩም። ቁጭ ብዬ ተራዬን ጠበቅኩ። የኔ ተራ ሲደርስ ማበጠሪያው ወደቀ።

በማግስቱ ልጅቷና እኔ ካልሲ ስናጥብ ብቻችንን ሆንን። ያልኳት እንዲህ ነው፦

«እማዬ አትበያት። የኔ እናት ናት። አንቺን የምታበጥርሽ ደመወዝ ስለሚከፈላት ነው። በየወሩ ቢሮ ሄዳ ትፈርማለች፤ አይቻታለሁ።»

የተናገርኩት ውሸት ቢሆን ይሻል ነበር። እናቴ ጋ ሮጣ ትጠይቃታለች፣ እናቴ ታስተባብላለች፣ ያልቃል። ግን እውነት ነበር። እናቴ ትፈርማለች። እኔም በዓይኔ አይቻለሁ።

ልጅቷ አላለቀሰችም። እጇ ላይ የነበረውን ካልሲ ጨመቀችው። ውኃው ካለቀ በኋላም መጭመቋን አላቆመችም። ከዚያ ቀና ብላ «ላንቺስ ይከፈላታል?» አለችኝ።

«አይከፈላትም» አልኳት።

ያን ዕለት ማታ እናቴን «ውኃ ላምጣልዎት?» ስትላት ሰማሁ። እናቴ በትክክል የሰማች አልመሰላትም። «ምን አልሽ?» አለቻት። ልጅቷ ደገመችው። እናቴ ሳቀች፤ አንዱ ትልቅ ሰው ሥነ ሥርዓት ያስተማራት መስሏት ነበር። «እኔን አንቺ በይኝ እንጂ፣ እናትሽ አይደለሁ?» አለቻት። ልጅቷ «እሺ» አለች። ግን አላለቻትም። ከዚያን ቀን ወዲያ አንድም ጊዜ አላለቻትም። «እማዬ»ም ቀረ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ከትልልቆቹ ልጆች አንዷን ለምና ፀጉሯን አሳጥራ በመቀስ አስቆርጣ መጣች። እናቴ ደንግጣ ለምን እንደተቆረጠች ጠየቀቻት። «እንዳላስቸግርዎት ብዬ ነው» አለች።

ያን ቅዳሜ ወረፋው በአንድ ሰው አጠረ። ተራዬ ሲደርስ እናቴን እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሁለቱንም በኩል ጎነጎነችልኝ። የፈለግኩትን አገኘሁ።

እዚህ ላይ ለራሴ ጠበቃ ልቁም ብል ሰበብ አላጣም። እንግዶች ሲመጡ የሚሆነውን ላንሳ። ማሳደጊያውን ሊጎበኙ የሚመጡ ሰዎች ራሴን እየዳሰሱ «አንቺስ መቼ መጣሽ?» ይሉኛል። ምን እንደምመልስ አላውቅም። «እዚህ ነው የተወለድኩት» ስል ደግሞ የበለጠ ያዝኑልኛል። አንዴ አንዲት ሴትዮ አሻንጉሊት ሰጠችኝ። እናቴ «የመጣው ለልጆቹ ነው» ብላ ማታ ወሰደችብኝ። ለልጆቹ ሲባል እኔ ማን እንደሆንኩ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ልጆቹም ቢሆኑ ስገባ ወሬ ያቋርጣሉ፤ ለእናቴ የምነግር ይመስላቸዋል። አንዳንዴም እነግር ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን ግድግዳው ነው። የወላጆቼ ክፍል ግድግዳ ሳሳ ያለ ነበር። የእያንዳንዱ ልጅ ታሪክ በዚያ ግድግዳ በኩል ይሰማኛል። የዚያች ልጅ ታሪክም ተሰምቶኛል። ከመምጣቷ በፊት ስንት ሰው «እናትሽ ነኝ» ብሏት እንደተዋት አውቅ ነበር። ካልሲውን ስናጥብ ያንን ሁሉ እያወቅኩ ነው የተናገርኩት። ስለዚህ ሰበቡ ይቅር።

ወደዚህ ሙያ ስገባ እንደኔ ያለ ልጅ የት እንደተጻፈ ፈልጌያለሁ። ኸርማን ግማይነር እ.ኤ.አ. በ1949 ኦስትሪያ ውስጥ ኢምስት ላይ የመጀመሪያውን የኤስ ኦ ኤስ የሕፃናት መንደር ሲጀምር ሐሳቡ በአራት ነገር ላይ ቆመ፦ እናት፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ቤት፣ መንደር። ትልቅ ሐሳብ ነው። ብዙ ልጆች ከትልቅ አዳራሽ ወጥተው ቤት እንዲኖራቸው ያደረገ ነው። እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር «የእናትየዋ የራሷ ልጅ የት ናት?» እላለሁ። ፖላንዳዊው ሐኪምና የሕፃናት አስተማሪ ያኑሽ ኮርቻክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1912 ዋርሶ ውስጥ በተከፈተው የወላጅ አልባዎች ቤት የልጆች ፍርድ ቤት አቋቁሞ ነበር። ዳኞቹ ልጆች ናቸው። አሳዳጊም ይከሰሳል፤ ኮርቻክ ራሱ ተከስሶ ቀርቧል። ሕጉ ከቅጣት ይልቅ ይቅርታን ያስቀድም ነበር። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ያቺ ልጅ ትከሰኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። ብትከሰኝ ደግሞ እናቴ ምክንያቱን ታውቅ ነበር።

ስለ ደመወዙም የገባኝ ዘግይቶ ነው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው የሕፃናት አማራጭ እንክብካቤ መመሪያ የአሳዳጊዎች ክፍያና የሥራ ሁኔታ በሥራቸው የሚያተጋና የሚያቆያቸው እንዲሆን ይላል። ያን አንቀጽ ሳነብ ረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሰው ሲለዋወጥበት የኖረ ልጅ የሚፈልገው ነገም የሚገኝ ሰው ነው። እናቴ በየወሩ መፈረሟ እዚያ ቤት ያቆያት ነበር እንጂ ፍቅሯን የሚያፈርስ ማስረጃ አልነበረም። ሰው ለወለደው ልጅም ሌት ተቀን ሠርቶ ደመወዝ ይቀበላል። ይህን ለ9 ዓመት ልጅ ማስረዳት አይከብድም። የ11 ዓመቷ ግን አልፈለገችም።

እንግዲህ ወደ ጠየቅሽኝ ልመለስ፣ ልጄ።

ቢከፋሽ አይገርምም። የዛሬ ወጣቶች ስሜታችሁን ስም ማውጣት ትችላላችሁ፤ እኛ አንችልም ነበር። «ቅናት ይዞኛል» የሚል ቃል ቢኖረኝ ካልሲው ጋ አልደርስም ነበር ይሆናል። አንድ ነገር ግን ቅር ይለኛል። አንዳንዶቻችሁ ስሜቱ እውነት ስለሆነ የምትናገሩት ሁሉ ትክክል ይመስላችኋል። «የተሰማኝን ነው የተናገርኩት» ብላችሁ ትገላገላላችሁ። እኔም የተሰማኝን ነበር የተናገርኩት።

እናትሽን ጊዜ ጠይቂያት። ከወረፋው ጫፍ የተረፈውን ጊዜ ሳይሆን፣ እጇ ሳይዝል ያለውን። «አንቺ የትም አትሄጂብኝም» ብትልሽ «እሄዳለሁ፣ እያደግኩ ነው» በያት። እኔ ይህን ብዬ አላውቅም። ብነግራት እሷም ትሰማኝ ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረችም፣ የደከማት ሰው ነበረች። አሁን አሳዳጊዎችን ሳሠለጥን የራሳቸውን ልጅ ከመጨረሻ እንዳያደርጉ እለምናለሁ። መጀመሪያ ያድርጉ አልልም። ተራው ይዙር ነው የምለው።

በግድግዳ በኩል የሰማሽውን ደግሞ እዚያው ተይው። የልጆቹ ታሪክ የልጆቹ ነው። ስትናደጂ እጅሽ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነውና ተጠንቀቂ።

የሚሰማሽን ሁሉ ለእናትሽ ንገሪያት ልል ነበር። ከዚያ ደግሞ እናቴ በቀን ስንት ልቅሶ ታባብል እንደነበር ትዝ ይለኛል። ሁሉንም አትንገሪያት። ግን ደግሞ እንደኔ ሁሉንም አትደብቂያት። የቱን እንደሆነ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ያን ቤት በሌላ ቤት አልለውጠውም ብል ታምኚኛለሽ? ያገባሁ ዕለት ከኋላዬ ስምንት እህትና ወንድሞች ተሰልፈው ነበር። አንዳቸውም የሥጋ አይደሉም። አባቴ ሲሞት አስከሬኑን የተሸከሙት እሱ አልጋቸውን ይጠግንላቸው የነበሩ ልጆች ናቸው። ስለ እነሱ መጻፍ ከጀመርኩ አልጨርስም።

እናቴ በመጨረሻዋ ዓመት እጇ አልታዘዝ ብሏት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ፀጉሯን አበጥርላት ነበር። ነጭ፣ ስስ ፀጉር ነው፤ አንድ ጊዜ ሳብ ካደረጉት ያልቃል። አንድ ቅዳሜ እንዲሁ ሳበጥራት፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ «ያቺ ልጅ» አለች። ማንን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። «ምን አድርጌያት ይሆን እርስዎ ማለት የጀመረችው? በተኛሁ ቁጥር አስበዋለሁ።»

ማበጠሪያው እጄ ላይ ቆመ። «እንጃ እማዬ» አልኳት። «ልጅ አይደለች? ረስታው ይሆናል።»

በክረምቱ አረፈች። መሳቢያዋን ስከፍት የልጅቷን ደብዳቤዎች አገኘሁ። ካደገች በኋላ በየዓመቱ ትጽፍላት ነበር። ስለ ሥራዋ፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ጤናዋ። «ጤናዎ እንዴት ነው? ብርድ እንዳይመታዎት ይጠንቀቁ» ይላል። የመጨረሻውም እንዲሁ ነው። እናቴ ሁሉንም በቅደም ተከተል አስራ አስቀምጣቸዋለች።

ማረፏን ለመንገር እኔ ጻፍኩላት። ሁለት ገጽ ሙሉ። እንዴት እንዳረፈች፣ ማን ማን እንደመጣ፣ ደብዳቤዎቿ ተጠብቀው እንደተገኙ። የካልሲውን ነገር አልጻፍኩም። አድራሻዋ አሁንም አለኝ።