ተከትላችሁ ለምትሄዱት

ልጆቼ፣ የትዳር ጓደኛችሁ አሜሪካ የትምህርት ዕድል አግኝቶ አብራችሁ ልትሄዱ ከሆነ፣ ሻንጣ ከመግዛታችሁ በፊት ከዩኒቨርሲቲው የመጣውን ወረቀት ተመልከቱ። አይ-20 ከሆነ ቪዛችሁ ኤፍ-2 ነው፤ በእሱ መሥራት ፈጽሞ አይቻልም። ዲኤስ-2019 ከሆነ ጄ-2 ትሆናላችሁ፤ ከገባችሁ በኋላ በአይ-765 ቅጽ የሥራ ፈቃድ ትጠይቃላችሁ። መልሱ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል እንደደረሳችሁ አመልክቱ። ገቢያችሁ ተማሪውን ለማኖር ሊውል አይችልም፤ ስለዚህ ለምን እንደሚውል በማመልከቻው ላይ በግልጽ አስረዱ። ተማሪው የሁለት ዓመት አገር ቤት የመመለስ ግዴታ ካለበት፣ ያው ግዴታ እናንተንም ይይዛል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት “ሥራ” ሲባል ቢሮ ብቻ ስለሚመስላቸው ነው። በኤፍ-2 እንጀራ ጋግሮ መሸጥ፣ በክፍያ ልጅ መጠበቅ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሹሩባ መሥራት ሁሉም ሥራ ነው። ገንዘቡ በእጅ መሰጠቱ ነገሩን አይለውጠውም። ዓመታት ቆይቶ ቪዛ ለመቀየር ስታመለክቱ ጉዳዩ ተመልሶ ይመጣል።

መማር ግን ይቻላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2015 ጀምሮ የኤፍ-2 ባለቤቶች፣ ተማሪ የመቀበል ፈቃድ ባለው ተቋም፣ ከሙሉ ጊዜ በታች መማር ይችላሉ። ሙሉ ጊዜ ለመማር አስቀድሞ ወደ ኤፍ-1 መቀየር ያስፈልጋል። ነርስ ከሆናችሁ የምዝገባ ፈተናውን፣ ኤንክሌክስን፣ ቁጭ ብላችሁ ማጥናት የሚከለክላችሁ የለም። ለዚህ ሁሉ ግን የትምህርት ማስረጃ ይጠየቃል። የወጪ መጋራት ዕዳችሁን ሳትከፍሉ ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት አታገኙም፤ ባሕር ማዶ ተቀምጦ በወንድም በኩል ይህን ማስጨረስ የወራት ጣጣ ነው። የታሸገውን ትራንስክሪፕትና የሥራ ልምድ ደብዳቤውን ይዛችሁ ውጡ። ጥርስ የሚያማችሁም ካላችሁ እዚሁ ታከሙ፤ የተማሪ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ጥርስን አይጨምርም።

ኢንሹራንስ ካነሳን አይቀር፣ የተማሪው ሽፋን እናንተን በራሱ አይሸፍንም። እናንተን የማስመዝገቢያው ጊዜ በአብዛኛው ከደረሳችሁ በኋላ 30 ቀን ገደማ ነው፤ ካመለጠ የሚቀጥለውን ምዝገባ መጠበቅ ነው። ልጅ የምታስቡ ከሆነ የእርግዝናና የወሊድ ሽፋኑን ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ።

የቤት ኪራይ ውሉ ላይ የሁለታችሁም ስም ይግባ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን የአድራሻ ማስረጃ የሌለው ሰው የቤተ መጻሕፍት ካርድም መንጃ ፈቃድም ለማውጣት ይቸገራል። ኤፍ-2 የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት ለሥራና ለግብር የሚሰጠው መለያ ቁጥር፣ አይሰጠውም፤ በብዙ ክፍለ ግዛቶች መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ከሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ “ቁጥሩ አይፈቀድለትም” የሚል ደብዳቤ መያዝ ያስፈልጋል። የባንክ ሒሳቡም የጋራ ይሁን። ለአንድ ሰው የታሰበ አበል ለሁለት ሲብቃቃ፣ ለታክሲ እንኳ ማስፈቀድ ትዳርን ያሻክራል። በተለይ ሚስቱን ተከትሎ የሄደ ወንድ ይህን አፍኖ ይይዛል፤ ኋላ ሲፈነዳ ከባድ ነው።

ከቀኑ ሁሉ የሚከብደው ሰዓት ይታወቃል። በምሥራቁ ጠረፍ በበረዶው ወራት ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ነው። የምትደውሉለት ሰው ተኝቷል፣ ተማሪው ላቦራቶሪ ነው፣ ውጪው ይጨልማል። በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ያን ሰዓት ከቤት ውጡ፤ ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነፃ የእንግሊዝኛ ትምህርት አላቸው።

ቡና ስትቆሉ መስኮት ክፈቱ፣ ከምድጃው በላይ ያለውን አየር ሳቢም አብሩ፤ አለበለዚያ የጭስ ማስጠንቀቂያው ሕንጻውን ሁሉ ያስወጣዋል። ማስጠንቀቂያውን በላስቲክ መሸፈን ግን ያስቀጣል። ሊጡ በብርዱ አልቦካ ካለ፣ ኦቭኑን ሳትለኩሱ መብራቱን ብቻ አብርታችሁ ውስጡ አሳድሩት። በሩ ላይም ወረቀት ለጥፉ፤ ተማሪው በእኩለ ሌሊት ገብቶ ፒዛ ላሙቅ ሲል ኦቭኑን ይለኩሰዋል።