መልስ፦ እህቴ የድብርት መድኃኒት ከጀመረች 8 ቀኗ ነው፣ ለውጥ የለም፤ ትተወው?

ውድ ጠያቂዬ፣ ለእህትሽ ፍሉኦክሰቲን 20 ሚሊግራም ታዝዞላት ለውጥ ስላላያችሁ ትታው ጠበል ትግባ ወይ ላልሽው፦ እባክሽ አታስቁሟት። ይህ መድኃኒት ስሜትን ለማቃናት ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም 6 ይፈጅበታል። ማቅለሽለሹና ራስ ምታቱ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል፤ ለዚህ ነው ብዙ ሰው ጥቅሙ ሳይደርስለት የሚተወው። ጠዋት ቁርስ በልታ ትዋጠው፤ ማታ ከሆነ እንቅልፍ ሊነሳት ይችላል። አንድ ቀን ብትረሳ በማግስቱ ደርባ አትውሰድ። ሲሻላትም ቢያንስ 6 ወር ትቀጥላለች።

ጠበሉ ከሕክምናው ጋር አይጣላም። ጣና ገዳማት ከሄዳችሁ ለምትቆዩበት ቀን የሚበቃ ክኒን ቆጥራችሁ ያዙ። ጫትና አረቄ ይቅሩ።

አደራ የምልሽ ይሄን ነው፦ ዕድሜዋ ከ25 በታች ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊበረታባት ይችላል። በግልጽ ጠይቂያት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። አዎ ካለችሽ፣ ወይም ሳትተኛ እያደረች ጉልበቷ ከበዛና ንግግሯ ከፈጠነ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ሌሊት ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት፤ የክኒኑን ማሸጊያም ያዙ።