ሜትሯ ምን ትላለች? ስለ ሆድ ልኬት ጥያቄና መልስ

አዋላጅ ነርስ ነኝ። በእርግዝና ክትትል ሆድ ስለምንለካበት ሜትር ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ይኸው ልመልስ።

ጥያቄ፦ 28 ሳምንቴ ነው። ነርሷ 26 ሴንቲ ሜትር ብላ ጻፈች። ልጄ አላደገም ማለት ነው?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። የሚለካው ከብልት በላይ ካለው አጥንት እስከ ማህፀን አናት ነው። ከ20 ሳምንት በኋላ ሴንቲ ሜትሩና ሳምንቱ ይቀራረባሉ፤ የ2 ልዩነት አያስደነግጥም። በየቀጠሮው ካልጨመረ ግን አልትራሳውንድ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ በአንድ ሳምንት ሁለት ቦታ ተለክቼ ሁለት ቁጥር ተሰጠኝ። የቱን ልመን?

መልስ፦ ሽንትሽን ሸንተሽ ነበር? የሞላ ፊኛ ማህፀንን ወደ ላይ ይገፋል። የለኪዋም እጅ ይለያያል፤ ቢቻል አንድ ሰው ይለካሽ። ሜትሩን ገልብጠን ቁጥሩን ወደ ታች የምናደርገውም ተሳስተን አይደለም። ቁጥሩን ካየን እጃችን ወደምንጠብቀው ይሳባል።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ ሆድ ከሳምንቷ በ4 ሴንቲ ሜትር በለጠ። መንታ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል ወንድሜ። የእንሽርት ውሃ ሲበዛ ወይም የማህፀን ዕጢ ሲኖርም ይበልጣል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ቀኑን ነው። ካረገዘች በኋላ የታየ ትንሽ ደም የወር አበባ ተብሎ ከተቆጠረ፣ አንድ ወር ያህል ይጎድላል። ሆዱ ልክ ሆኖ ቆጠራው ይሳሳታል ማለት ነው። የመውለጃውን ቀን ለማግኘት በእኛ አቆጣጠር የመጨረሻው የወር አበባ በጀመረበት ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን እንደምራለን። መሃል ላይ ጳጉሜ ካለች ከ10 ቀኑ 5ቱን ትወስዳለች፤ 6 ቀን ስትሆን ደግሞ 6ቱን። ጥር 10 የጀመረ ከሆነ ጥቅምት 15 ይሆናል። የስልኩ አፕ በፈረንጅ ሲቆጥር ጥር 10ን ጃንዋሪ 10 ብላችሁ ካስገባችሁ 8 ቀን ተዛባ። ስንቱን አይቻለሁ! ለማንኛውም 4 ብዙ ነው፤ አልትራሳውንድ ትነሳ።

ጥያቄ፦ የምራቴ ሆድ ሾል ብሏል። ወንድ ነው አይደል?

መልስ፦ እማማ፣ ሜትሯ ጾታ አታውቅም።

ጥያቄ፦ 38 ሳምንት ላይ ቁጥሩ ቀነሰ።

መልስ፦ ብዙ ጊዜ የልጁ ራስ ወደ ዳሌ ሲወርድ ነው። ቢሆንም የምትከታተልሽ ባለሙያ ታረጋግጥልሽ።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ በልብስ ሰፊ ሜትር ብለካስ?

መልስ፦ ብዙዎቹ ወገባቸውን ዙሪያውን ይለካሉ፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። የማህፀኑን አናት በእጅ ማግኘትም ልምድ ይጠይቃል። ቤት ሆነሽ እንቅስቃሴውን ተከታተይ። ከወትሮው ከቀነሰ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ሂጂ።