ደብረ ብርሃን ላይ ፓራሹት ለመዝለል

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ የፓራሹት ዝላይ ክለብ ለማቋቋም የምናስብ ጓደኛሞች ነን። በሌላ አገር የስፖርቱ ብሔራዊ ማኅበር ውድድር ከማዘጋጀት ሌላ ለክለቦች ምን ያደርጋል? እኛስ ምን ላይ እናተኩር?

መልስ፦ ውድድሩ ከሥራው ትንሹ ነው። የአሜሪካውን ማኅበር ብንወስድ አራት የፈቃድ ደረጃዎች አሉት፤ ለመጀመሪያው ቢያንስ 25፣ ለመጨረሻው 500 ዝላይ ይጠይቃል። ጀማሪ ከመሬት 3,000 ጫማ (914 ሜትር ገደማ) ሳይወርድ ፓራሹቱን መክፈት አለበት። አስተማሪዎችን ይመዝናል፣ ለአባላቱ የሦስተኛ ወገን መድን ይሰጣል፣ በየዓመቱ የደረሱትን የሞት አደጋዎች ከነምክንያታቸው ያሳትማል። ከሁሉም ይህን የመጨረሻውን እናስቀድማለን፤ አደጋ ከተደበቀ ሌላው ክለብ ያንኑ ይደግመዋል።

የእናንተ ዋና ጉዳይ ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ አንድ ፓራሹት በባሕር ዳርቻ ካለው ፍጥነት 15 በመቶ ያህል ጨምሮ መሬት ይነካል፤ ቁርጭምጭሚት የሚሰበረውም ለዚህ ነው። ለጀማሪ ሰፋ ያለውን ምረጡ። በአሜሪካ ደንብ ደግሞ ከባሕር ወለል 15,000 ጫማ (4,570 ሜትር) በላይ ዘላይ ኦክስጅን ሊቀርብለት ይገባል። ይህ ከደብረ ብርሃን ሜዳ 1,770 ሜትር ብቻ ስለሆነ ለትምህርት ያንሳል። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች እዚያ 3,300 ሜትር ያህል ታገኛላችሁ። ሙቀትም አየሩን ያሳሳዋልና በማለዳ ዝለሉ።

ከአንዱ ከተማ ተነስቶ ሌላው ላይ መውረድ ግን አደገኛ ነው። ዘላዩ ሳይከፍት ቢቀር መጠባበቂያውን (ሁለተኛውን) ፓራሹት በራሱ የሚከፍተው መሣሪያ የሚሠራው በአየር ግፊት ነው፤ ሲበራ የቆመበትን መሬት ዜሮ ብሎ ይይዛል። የተለመደው ዓይነት የሚከፍተው ከዜሮው 225 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት አብርታችሁት የከፍታውን ልዩነት ሳትሞሉ ደብረ ብርሃን ብትወርዱ፣ መሬቱ ገና 1,500 ሜትር ታች ስለሚመስለው ጭራሽ አይከፍትም። በተገላቢጦሽ ከሆነ ደግሞ ተማሪው ገና 1,700 ሜትር ላይ እያለ መጠባበቂያው ይወጣል፤ ዋናውም አብሮ ከተከፈተ ሁለቱ ሊጠላለፉ ይችላሉ። የእጅ ከፍታ መለኪያውም እንደዚሁ ያሳስታል። ከመነሳታችሁ በፊት ሁሉንም አይቶ የሚፈርም አንድ ሰው መድቡ።

ለበረራው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ፈቃድ ጠይቁ። ማረፊያውን ከድንጋይ ካብና ከባሕር ዛፍ አርቁ፤ ወደ አንኮበር በኩል ካለው ገደል ጠርዝም ሽሹ፣ ከቆላ የሚወጣው ነፋስ እዚያ ሲተራመስ የተከፈተ ፓራሹት ያጥፋል።