ሰዋስው የተጻፈለት ቋንቋ ተጠንቶ አልቋል ማለት ነው?

ጥያቄ፦ በሥነ ልሳን የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴን ከአገው ቋንቋዎች አንዱ በሆነው የቅማንት ሕዝብ ቋንቋ፣ በቅማንትነይ፣ ሰዋስው ላይ ለመሥራት አስቤ ሐሳቤን ለአማካሪዬ ባቀርብ፣ «ይህ ቋንቋ ሰዋስው ተጽፎለታል፤ ማንም ያልነካውን ፈልጊ» አሉኝ። እኔ ግን የቀሩት ተናጋሪዎች አዛውንቶች ስለሆኑ ጊዜው ሳያልፍ መሥራት ይሻላል እላለሁ። አማካሪዬ ትክክል ናቸው? ብሠራውስ ከምን ልጀምር? (ከጎንደር)

መልስ፦ አማካሪዎ የተናገሩት ከፊሉ እውነት ነው። ቅማንትነይ ጨርሶ ካልተነኩ ቋንቋዎች ተርታ አይቆጠርም። ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ስለ ቋንቋው ያዘጋጀው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1912 ታትሟል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው የዘላለም ልየው ሥራ ደግሞ ሰዋስዉን ከመተንተን ባሻገር ሕዝቡ ቋንቋውን ትቶ ወደ አማርኛ የተሻገረበትን ሂደት አጥንቷል። ይሁን እንጂ ሰዋስው ተጽፎለታል ማለት ተጠንቶ አልቋል ማለት አይደለም። ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ የአማርኛን ሰዋስው እ.ኤ.አ. በ1698 ካሳተመ ወዲህ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ «ሰውዬውን አየሁት» ስንል ግሱ ላይ የምትገኘው «ት» የተሳቢ ስምምነት ናት ወይስ በግሱ ላይ የተለጠፈች ተውላጠ ስም በሚለው ጉዳይ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ። አማርኛ እንዲህ ከሆነ፣ ጥቂት መጻሕፍት ብቻ የተጻፉለት ቋንቋ ስንት ያልተነሣ ጥያቄ እንደሚኖረው መገመት አያዳግትም።

ስለ ጊዜ ያነሡት ነጥብ በእኔ አስተያየት ከሁሉ ይበልጣል። በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ቅማንት ተብለው የተመዘገቡት 172,327 ሰዎች ሲሆኑ፣ ቅማንትነይ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንደሆነ የተመዘገበላቸው ግን 1,650 ብቻ ነበሩ፤ ይህም የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ነው። በጎጃም ይነገር የነበረውና ዛሬ የጠፋው የጋፋትኛ ዕጣ ምን እንደነበር ያስታውሱ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተረጎመው መኃልየ መኃልይ ለረጅም ጊዜ የቋንቋው ዋነኛ ማስረጃ ሆኖ ቆይቶ፣ የሴማዊ ቋንቋዎች አጥኚው ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ጎጃም ወርዶ ቢያፈላልግ ቋንቋውን የሚያውቁ አራት ሰዎች ብቻ አገኘ። ዛሬ ስለ ጋፋትኛ አገባብ አዲስ ጥያቄ ቢነሣ፣ ከተጻፈው ወረቀት በቀር የሚጠየቅ ሰው የለም።

ከምን ልጀምር ላሉት፣ ከትርጉም መጠይቅ አይጀምሩ። የተለመደው አሠራር ተማሪው የአማርኛ ዐረፍተ ነገሮች ዝርዝር ይዞ ሄዶ «ይህን በእናንተ ቋንቋ እንዴት ትሉታላችሁ?» እያለ ቅጹን መሙላት ነው። መረጃ አቀባዩ አማርኛን አቀላጥፈው የሚናገሩ፣ ምናልባትም ከገዛ ልጆቻቸው ጋር በአማርኛ ብቻ የሚነጋገሩ አዛውንት ከሆኑ፣ የሚመለስልዎ የቅማንትነይ ቃላት የለበሰ አማርኛ ሊሆን ይችላል። ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ሁለቱ ቋንቋዎች ከጥንትም መመሳሰላቸው ነው። በሁለቱም ግሱ መጨረሻ ላይ ይውላል፤ «ዝም አለ»፣ «ብድግ አለ» እንደምንለው ሁሉ፣ «አለ» ከሚል ትርጉም ካለው ግስ ጋር የሚጣመሩ ግሶች በአገው ቋንቋዎችም አሉ። የሥነ ልሳን ሊቁ ቻርልስ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1976 እንዲህ ያሉትን የጋራ ባሕርያት ዘርዝሮ ኢትዮጵያን እንደ አንድ የቋንቋ ቀጣና ተመልክቷታል። ግእዝ ግሱን አብዛኛውን ጊዜ ሲያስቀድም አማርኛ ወደ መጨረሻ መግፋቱ የኩሻዊ ቋንቋዎች፣ በተለይም የአገው፣ ተጽዕኖ ነው የሚለው አስተያየትም ሰፊ ተቀባይነት አለው። እንግዲህ አንድ ተመሳሳይ አገባብ ሲያጋጥምዎ፣ አገው ለአማርኛ ያበደረው ይሁን ወይም በቅርቡ ከአማርኛ የተበደረው፣ የትርጉም መጠይቁ ለይቶ አይነግርዎትም።

ስለዚህ በቅድሚያ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው እንዲጨዋወቱ ያድርጉ። ሁለት አዛውንት ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ድሮ ሠርግ፣ ስለ ጠላ አጠማመቅ ወይም ስለ አንድ የድንበር ክርክር ሲያወሩ ይቅረጹ፤ አንዱ የረሳውን ቃል ሌላው ያስታውሰዋል፤ ሲሳሳትም ያርመዋል፤ ያ እርማት ደግሞ ለሰዋስው አጥኚ ትልቅ ሲሳይ ነው። ቅጂውን ኢላን በተባለው ፕሮግራም ከድምፁ ጋር እያያያዙ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ይጻፉት። መጠይቁ ተራው የሚደርሰው ከዚህ በኋላ፣ በጨዋታ መካከል የማይገኘውን ለማሟላት ነው። በአዊ አገውኛ በጣት የሚቆጠሩ ግሶች ብቻ መደብን (እኔ፣ አንተ፣ እሱ የሚለውን) በቅድመ ቅጥያ፣ ማለትም ከግሱ ፊት በሚገባ ቅጥያ፣ እንደሚያሳዩ ይታወቃል፤ እንዲህ ያሉትን ብርቅ ግሶች በሁሉም መደብ ለማግኘት አንድ በአንድ ከመጠየቅ ሌላ መንገድ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። «የቅማንትነይ ሰዋስው» ለማስተርስ እጅግ ሰፊ ርእስ ነው፤ አማካሪዎ የተቃወሙትም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም። «በቅማንትነይ ግሱ ተሳቢውን ያመለክታል ወይ? የሚያመለክት ከሆነስ መቼ?» የሚል ጠባብ ጥያቄ ይዘው፣ የቀደሙት መጻሕፍት በዚህ ላይ ያሉትን በአንድ ገጽ አሳይተው ተመልሰው ቢሄዱ፣ ንግግሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

ጥያቄ፦ አያቴ ከቋራ የመጡ ናቸው። አማርኛም ግእዝም ያልሆኑ አንዳንድ ቃላትና የጸሎት ስንኞች ያውቃሉ። ይህ ለተመራማሪ ይረባል? (ከእስራኤል)

መልስ፦ በጣም ይረባል። የቋራ ቤተ እስራኤል ይናገሩት የነበረው ቋርኛ የቅማንትነይ ዘዬ ነው፤ ከቀሩት ተናጋሪዎቹ አብዛኞቹም በ1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል ተጉዘዋል። በቤተ እስራኤል ጸሎቶች ውስጥ በአገው የሚባሉ ክፍሎች መኖራቸውም የታወቀ ነው። በቃል የተያዘ ጸሎት ግን ድምፁን ጠብቆ ሰዋስዉን ሊደብቅ ስለሚችል፣ አያትዎን ስንኙን ካስቀረጿቸው በኋላ «እኔ» የሚለውን ወደ «እኛ» ለውጠው እንዲሉት ይጠይቋቸው። መለወጥ ከቻሉ ቋንቋው አብሯቸው አለ፤ ቶሎ ባለሙያ ያግኙላቸው። ካልቻሉም ቅጂው ዋጋ አለው፤ የተወለዱበትን መንደርና ጸሎቱን ማን እንዳስተማራቸው በራሳቸው ድምፅ በመግቢያው ላይ ያስነግሯቸው።