ክኒኑን ለመስጠት እስክታስመልስ አትጠብቂ

ጥያቄ፦ እናቴ ጥቁር አንበሳ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ጀምራለች። በዕለቱ ደህና ናት። በማግስቱ ግን ቡና ሲቆላ ገና ሽታው ሲደርሳት ያስመልሳታል። ኦንዳንሴትሮን የሚባል የማስመለስ መከላከያ ክኒን ታዞላታል። «ሆዴ በክኒን ሞላ» ስለምትለኝ የምሰጣት ሲያስመልሳት ብቻ ነው። ልክ ነኝ? (ልጇ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ልክ አይደለሽም። ፒያሳ ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ ይህን የሚያደርጉ ብዙ ልጆች አይቻለሁ። ሁሉም ለእናታቸው አዝነው ነው።

ኬሞው አንጀትን ሲነካው ሴሮቶኒን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቀቃል። እሱ ነው ለአንጎል «አስመልስ» የሚል መልእክት የሚያስተላልፈው። ኦንዳንሴትሮን ሴሮቶኒን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል። የሜክሲኮን ታክሲ አስቢው፤ ቀድሞ የገባ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ በአፍ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከኬሞው 30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት በፊት ይወሰዳል። ማስመለስ ከጀመራት በኋላ ከሰጠሻትማ ክኒኑም አብሮ ሊወጣ ይችላል። ሆድ እንደሚያደርቅም እወቂ፤ ውኃ ታብዛ።

የማግስቱ ግን ሌላ ጣጣ ነው። በተለይ ሲስፕላቲን የሚባለውን የኬሞ መድኃኒት ከወሰደች ማቅለሽለሹ ለቀናት ሊቆይ ይችላል። እዚያ ላይ ኦንዳንሴትሮን ብቻውን ብዙ አይረዳም። ለዚህ ነው ዴክሳሜታሶን ለተከታዮቹ ቀናት የሚታዘዘው። ጠዋት፣ ምግብ ቀምሳ ትውሰደው፤ ማታ ከሆነ እንቅልፍ ይነሳታል። ስኳር ካለባት አስቀድመሽ ለሐኪሟ ተናገሪ፤ ከፍ ያደርገዋል። ኦላንዛፒን ቢታዘዝላትም አትደንግጪ። አንድ ልጅ ወረቀቱን አንብቦ «እናቴ አብዳለች ወይ?» ብሎ ተቆጥቶኝ ያውቃል። መድኃኒቱ ለአእምሮ ሕመም ይሰጣል፣ እውነት ነው። በትንሽ መጠን ግን ማቅለሽለሽን በደንብ ይይዛል። እንቅልፍ ስለሚያመጣ ማታ ነው የሚወሰደው።

ቡናውን ለእነዚያ ቀናት ተቆልቶ የተፈጨ ግዙ። ጎረቤትንም ንገሪያቸው፤ በዚህ የሚቀየም የለም።

ውኃ እንኳ አልረጋላት ብሎ አንድ ቀን ከሞላት፣ ወይም ትኩሳቷ 38 ከደረሰ፣ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ሌሊትም ቢሆን ውሰጃት። ያስመለሳትን ቀንና ሰዓት ደግሞ ደብተር ላይ ጻፊ። ለሐኪሟ «ትንሽ አስመለሳት» ካልሽው «አይዞሽ» ይልሻል። «ማክሰኞ ሌሊት ሦስት ጊዜ» ካልሽው ግን መድኃኒቱን ያስተካክልላታል።