የሥራ ቦታ ጥያቄዎቻችሁ፦ የካዝና ጉድለት፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ የማታ ስልክና ያልተከፈለ ዕቁብ

ሰሞኑን ከሀዋሳ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሁለት ነገር ናቸው። አንዱ አብሮ ስለሚሠራ ሰው ነው። ሌላው ሥራ ስለ መቀየር ነው። እኔ ሁለቱን ነጥዬ አላያቸውም። ሀዋሳ ላይ የሥራ ሰው ይተዋወቃል። ከአንዱ ሆቴል የወጣ የሒሳብ ሠራተኛ ሌላው ሆቴል ሲያመለክት አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ስልክ አንስቶ "ልጁ እንዴት ነው?" ይላል። የሚጠይቀው ደግሞ የድሮውን አለቃ ብቻ አይደለም፤ አብሮት የሠራውን ሰው ሁሉ ነው።

ከታች "አዋጁ" የምለው የግል ድርጅት ሠራተኞችን የሚመለከተውን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የራሳችሁ ሕግ ስላላችሁ እሱን ተመልከቱ።

*ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል ሪሴፕሽን ነኝ። ጠዋት ከማታዋ ልጅ እረከባለሁ። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ካዝናው ይጎድላል። ሁለት ጊዜ ከደመወዜ ተቆርጦብኛል። ለአለቃ ብናገር "ነገረኛ" እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። (ከሐይቅ ዳር)*

እህቴ፣ ልጅቷን ሌባ ነች ብለሽ አትነሺ። ጉድለቱ ከእሷ ሊሆን ይችላል፣ ካንቺ ሊሆን ይችላል፣ መሐል ላይ ካዝናውን የነካ ሦስተኛ ሰውም ሊኖር ይችላል። አሁን ባለው አሠራራችሁ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ምን እንደሚሆን አስቢው። እሷ እንቅልፏን ለመተኛት ትቸኩላለች። አንዱ እንግዳ ቁርስ የት እንደሆነ ይጠይቃል። ሌላው ሻንጣውን ይዞ ሒሳቤን ዝጉልኝ ይላል። አንቺ ሳትቆጥሪ ቁልፉን ትቀበያለሽ። ቁልፉን ስትቀበይ ጉድለቱንም ተቀበልሽ ማለት ነው።

ከነገ ጀምሮ ቁልፉን ከመያዝሽ በፊት አብራችሁ ቁጠሩ። ባለ 200፣ ባለ 100፣ ባለ 50 እያላችሁ ለየብቻ ጻፉት። በቴሌብርና በባንክ የገባውን ከጥሬ ገንዘቡ ለዩ። አንዳንዴ "ጎደለ" የተባለው ብር እንግዳው በቴሌብር ከፍሎት በጥሬ ገንዘብ የተመዘገበ ሒሳብ ሆኖ ይገኛል። የርክክብ መዝገቡ ላይ ሰዓቱን ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። ማታ አንቺ ስታስረክቢያትም እንደዚሁ ይሁን። ሕጉ ለእሷ ብቻ ከሆነ ስድብ ይመስላል፤ ለሁለታችሁም ከሆነ ግን አሠራር ነው። ስትነግሪያትም ከራስሽ ጀምሪ፦ "ሁለት ጊዜ ተቆረጠብኝ፤ ነገ ባንቺ ላይ እንዳይመጣ አብረን እየቆጠርን እንረካከብ" በያት። እምቢ ካለች ያኔ ለአለቃ ትነግሪያለሽ። የምትነግሪውም ስለ እሷ ሳይሆን ስለ ርክክቡ ነው። እንዲህ ተናግሮ ነገረኛ የተባለ ሰው እምብዛም አላየሁም።

የተቆረጠብሽን ገንዘብም ዝም አትበይ። በአዋጁ መሠረት ከደመወዝ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲሆን፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ስትቀጠሪ የፈረምሽውን ወረቀት አውጥተሽ አንብቢ። ከዚያ "በየትኛው ደንብ ነው የተቆረጠብኝ?" ብለሽ በጨዋ ደንብ ጠይቂ።

*ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሱፐርቫይዘር ነኝ፤ አራት ዓመት አልፎኛል። ሥራ መቀየር እፈልጋለሁ። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ከጠየቅሁ "ሊለቅ ነው" ብለው ዓይን ውስጥ ያስገቡኛል። ዝም ብዬ ብቀርስ? (ከታቦር)*

ወንድሜ፣ በፍጹም እንዳትቀር። ሳይናገሩ መቅረት አራት ዓመት የለፋህበትን በአንድ ሳምንት ማጥፋት ነው። ማስረጃህ እዚያው ይቀራል፣ ቀሪ ክፍያህ ይንጠለጠላል፣ ስምህ ላይም "ጠፍቶ የሄደ" ይጻፋል።

አዋጁ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ መስጠት አለበት። ለመልቀቅ መወሰን ግዴታ አይደለም። ለምን እንደፈለግኸው መናገርም አይጠበቅብህም። "ለፋይሌ ነው" በቂ መልስ ነው። እንዲያውም ሁሉም ሠራተኛ በየዓመቱ አንድ ቢያወጣ ደስ ይለኛል። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ስንቱ ወጣት በተስፋ እንደገባ እናስታውሳለን። በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከመላክ ዕድል፣ ተጠቃሚነት ስትወጣ ደግሞ ሠራተኛ የቀነሱ፣ ለቀው የሄዱም ድርጅቶች ነበሩ። ድርጅቱ ከአገር ከወጣ በኋላ ደብዳቤ ከማን ይጠየቃል?

ደብዳቤው ሲሰጥህ እዚያው ቆመህ አንብበው። ኦፕሬተር ሆኖ ገብቶ ሱፐርቫይዘር የሆነ ሰው ደብዳቤው ላይ "ኦፕሬተር" ብቻ ተጽፎለት ይወጣል። ይህ የሚሆነው ፋይሉ ውስጥ ያለው የመጀመሪያው የቅጥር ውል ስለሆነ ነው። የዕድገት ደብዳቤህን ይዘህ ሂድና ከመቼ እስከ መቼ በየትኛው መደብ እንደሠራህ ተለይቶ ይጻፍ በል። ስምህ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ከፋይዳ መታወቂያህና ከትምህርት ማስረጃህ ጋር በፊደል አንድ መሆኑን እይ። ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም አለው? ካለው ፎቶ አንሥተህ ኢሜይልህ ላይ አስቀምጠው።

አሁን ደግሞ ሳትጠይቀኝ የምነግርህ ነገር አለ፤ እባክህ ልብ በልልኝ። አራት ዓመት አልፎኛል ብለሃል። አምስት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ቢለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። ይህ የሚሆነው ድርጅቱ አሠልጥኖህ "ይህን ያህል ዓመት ታገለግላለህ" የሚል ውል ካላስፈረመህ ነው። ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 10 ቀን ይጨመራል። ለአምስት ዓመት የ70 ቀን ደመወዝ ይሆናል። የቅጥር ቀንህን ተመልከት። ጥቂት ወራት ብቻ ከቀሩህና አዲሱ ሥራ የሚጠብቅህ ከሆነ መታገሥ ያዋጣል።

ቀኑ ሲደርስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጥ። በሁለት ቅጂ አዘጋጅተህ ባንተ ቅጂ ላይ የተቀበሉበትን ቀን አስፈርም። ባጁን፣ የደንብ ልብሱን፣ የሎከር ቁልፉን በፊርማ አስረክብ። ያልወሰድከው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይከፈልሃል፤ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ውሉ ከተቋረጠ በኋላ የሚገባህ ክፍያ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። የጡረታ መለያ ቁጥርህንም ሳትይዝ እንዳትወጣ። ካንተ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ሲዋጣ የቆየው በዚያ ቁጥር ነው የሚከተልህ።

*ከሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ በማኔጅመንት ተመርቄያለሁ፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። "ዜሮ ዓመት" የሚል ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር አመለክታለሁ። ማንም አልደወለልኝም። ዘመድ የለኝም። (ከመናኸሪያ)*

ሲቪሽን አያይዘሽ ስለላክሽልኝ አመሰግናለሁ። አምስት ገጽ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ቁመትሽና የጋብቻ ሁኔታሽ አለ። አራተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር "የእናቴን የእህል መደብር ሒሳብ ሦስት ዓመት ይዣለሁ" የሚል አለ። እኔ ቀጣሪ ብሆን የምፈልገው ይህንን መስመር ነበር! ወደ ፊት አምጪው። ምን ትመዘግቢ ነበር? ዱቤ እንዴት ትሰበስቢ ነበር? በደብተር ነው በኤክሴል? ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ጻፊበት። ቁመቱ ይውጣ። ሁሉም በሁለት ገጽ ይለቅ።

ዘመድ ለሚለው፣ በዝምድና የሚያዝ ቦታ መኖሩን አልክድም፤ በጣምም ያናድደኛል። ግን ሥራ ፈላጊ መሆንሽን ስንት ሰው ያውቃል? ኢንተርንሽፕ ስትወጪ ያሠራሽ ሰው ያውቃል? አማካሪ መምህርሽስ? የእናትሽ ደንበኞችስ? ለእነዚህ ሰዎች አንድ በአንድ ደውዪ። ምስክር ሆነው ስማቸውን ሲቪሽ ላይ እንድታስገቢ ፈቃድ ጠይቂያቸው። ቴሌግራም ላይ የሚለቀቁትንና ሪፖርተር ጋዜጣ ረቡዕና እሑድ የሚያወጣቸውን ማስታወቂያዎች መከታተሉንም አታቁሚ። "ለፎርም" ወይም "ለሥልጠና" ብሎ አስቀድሞ ብር የሚጠይቅሽን ግን ስልኩን ዝጊበት።

*የቅርብ አለቃዬ ማታ ማታ ይደውላል። ቡና እንጠጣ ይላል። እምቢ ካልኩ በማግስቱ ፈረቃዬን ይቀይራል። ለባለቤቴ ብነግረው ጠብ ይነሣል። (ከአዲስ ከተማ)*

ይህን መሸከም የለብሽም። አንድ ጊዜ፣ በአጭሩ፣ በጽሑፍ መልእክት መልሺለት፦ "ከሥራ ጉዳይ ውጭ እንዳይደውሉልኝ።" ሌላ ማብራሪያ አትጨምሪ። የደወለበትንና የጻፈውን አታጥፊ፤ ስክሪን ሹት አድርገሽ ለምታምኛት እህት ወይም ጓደኛ ላኪ። ፈረቃሽ የተቀየረባቸውን ቀኖች ጻፊ። ስልኩና የፈረቃው ለውጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነገሩ ራሱ ይናገራል። ከዚያ ለሰው ኃይል ክፍል ወይም ለዋናው ሥራ አስኪያጅ በጽሑፍ አመልክቺ። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ ለእነሱም ቅጂ ይድረስ።

አዋጁ ጾታዊ ትንኮሳን ይከለክላል። ድርጊቱን የፈጸመው አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ከሆነ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችያለሽ። ከስንብት ክፍያው ሌላ የቀን ደመወዝሽ 90 እጥፍ ካሣም አለው። ነገር ግን ይህ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ከቆመ በኋላ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀሙበት ያልፋል። ስለዚህ ከመልቀቅሽ በፊት የሕግ ሰው አማክሪ። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ለባለቤትሽም ብትነግሪው ይሻላል፤ ማመልከቻውን ካስገባሽ በኋላ ንገሪው። "እንዲህ አድርጌያለሁ፣ ከጎኔ ቁም" ስትይው ንዴቱ መሄጃ ያገኛል።

*ኢንተርቪው ላይ "ስንት ትፈልጋለህ?" ሲሉኝ ምን ልበል? (ከአቶቴ)*

የደመወዙን መጠን ስትጠራ "ጥቅል" ነው ወይስ "የተጣራ" የምትለውን ለይ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ እስከ 2,000 ብር ግብር የለውም፤ ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ እየጨመረ እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። 10,000 ብር ጥቅል ደመወዝ ላይ ግብሩ 1,650፣ ጡረታው 700 ነው። ኪስህ የሚገባው 7,650 ነው። የቤት ኪራይህንና የወር ወጪህን በዚህ ቁጥር ላይ አስላውና የምትጠራውን ወስን። አሁን የምታገኘውን አጋነህ አትናገር፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤህ ላይ ደመወዝህ ተጽፏል።

*መሥሪያ ቤት ውስጥ የ20 ሰው ወርኃዊ ዕቁብ አለን። ሦስተኛው ዕጣ ደርሶኝ ወስጃለሁ። አሁን አዲስ አበባ ሥራ አገኘሁ። ዋሴ የክፍል ኃላፊዬ ናቸው። እንዴት ልንገራቸው? (ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ)*

ማመልከቻህ ሰው ኃይል ክፍል ከመግባቱ በፊት፣ ዛሬ ወይም ነገ ንገራቸው። ከሌላ ሰው አፍ ከሰሙ መጀመሪያ ወደ አእምሯቸው የሚመጣው ዕቁቡ ነው። እውነትም አላቸው፤ አንተ ባትከፍል የዕቁቡ ሰብሳቢ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። ስትሄድ ባዶ እጅህን አትሂድ፣ መክፈያውን አስበህ ሂድ። የተቀሩት ወራት ስንት ናቸው? ከመጨረሻ ክፍያህ የተወሰኑትን ቀድመህ መዝጋት ትችላለህ? የቀረውን ደመወዝ በገባልህ ቀን ለሰብሳቢው አካውንት ትልካለህ። ይህን በአንድ ገጽ ጻፉትና አንተ፣ እሳቸው፣ ሰብሳቢውና ጸሐፊው ፈርሙበት።

"ሌላ ዋስ አምጣ" ሊሉህ ይችላሉ። አትቀየማቸው፤ ርቀህ እየሄድክ ስለሆነ መብታቸው ነው። አዲስ አበባ ከገባህ በኋላም በየወሩ ብሩን ስታስገባ ደረሰኙን ለሰብሳቢው ብቻ ሳይሆን ለእሳቸውም ላክላቸው።